የሚስብ ይናገራል

አባቴና አጎቴ ጦርነቱ ለምን እንደተጀመረ እስኪስማሙ ድረስ ጦርነቱ አያልቅም ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልበቀሉም፤ ትልልቅ ሰዎች ጮክ ብለው የሚያወሩት ነገር ሁሉ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ደግሞ ሠርተው ሲጨርሱት ያልቃል።

ቤታችን ፊቱ እንጨት ቤት፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። አባቴና ጋሼ የምለው የእናቴ ታላቅ ወንድም በሽርክና በር፣ መስኮት፣ አልጋና ጠረጴዛ ይሠራሉ። በእንጨት ቤቱና በአያቴ መኝታ መካከል አንዲት መስኮት አለች። ድሮ ወደ ውጭ ታሳይ ነበር አሉ፤ እንጨት ቤቱ ሲቀጠልበት ወደ ውስጥ ቀረች። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ እግሯ ከከዳት ወዲህ አልጋዋ በዚያች መስኮት ሥር ሆኖ እዚያው ትውላለች። ዓይኗም ደክሟል። ጆሮዋን ግን እናቴ ስታማው፣ "ድስት ሳይጣድ መፍላቱን ይሰማል" ትላለች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታዬ የአያቴ አልጋ ላይ ነው። እኔ በመስኮቱ አያለሁ፣ ያየሁትን ለእሷ እናገራለሁ።

"አሁን ማነው የሚስበው?" ትለኛለች።

"ጋሼ።"

"ፊቱስ?"

"በርበሬ መስሏል።"

"እሰይ!" ትልና ትራሷን ታመቻቻለች።

የሚስበው ማለቷ መጋዙን ነው። ወፍራም ግንድ የሚሰነጥቁበት መጋዝ ረጅም ነው፤ በሁለቱም ጫፍ እጀታ አለው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ይይዘዋል። ሥራውን የማያውቅ ሰው አንዱ ሲስብ ሌላው የሚገፋ ይመስለዋል። አይገፋም። አንዱ ሲስብ ሌላው እጁን አላልቶ ይከተለዋል እንጂ ከገፋ ብረቱ ይጎብጥና ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያወጣል፣ ሥራውም ይቆማል። ሲስቡ ደግሞ ትንፋሽ ይወጣል፣ ከትንፋሹ ጋር ቃል ይወጣል። በዚህ የተነሣ ማንም ያላወጀው ሕግ በቤታችን ነበረ፤ የሚስብ ይናገራል፣ የሚከተል ያዳምጣል። ተናዶ የገፋ ሰው ተረትቷል።

ክርክሩ የተጀመረው ጣውላ ከሄደ በኋላ ነው።

ጣውላ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ፣ የእኔ ትንሹ አጎቴ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በቤትም በመንገድም ስሙ እሱ ነበር። በበር ሲገባ ጎንበስ ማለት ስለሚረሳ ግንባሩ ላይ እብጠት አይጠፋም፤ በር ሠሪ ቤት አድጎ በር የሚመታው ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ መንገድ ሲሄድ፣ "ምን ይታይሻል?" ይለኛል። የማየውን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ "እኔም ያው ነው የሚታየኝ" ብሎ ይስቅብኛል። መንግሥት ከባሕር ማዶ ወዳለ አገር ጦር ሲልክ ዕድሜው የደረሰው ሁሉ ተጠራ፣ እሱም ተጠርቶ ሄደ። ሊሄድ ሲል አያቴን ጎንበስ ብሎ ሳመና፣ "የሰው አገር አይቼ እመጣለሁ" አላት።

"አንተ አገሩን እየው፣ አገሩ አንተን አይይህ" አለችው። ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ።

ሬዲዮ እንደሚለው በዚያ አገር ሽፍቶች መንደር እያቃጠሉ ነው፤ ሕዝቡ ድረሱልን ብሎ ጮኾ የእኛ መንግሥት ሊደርስለት ሄዷል። አጎቴ ይህን ይዞ ይከራከራል። አባቴ ደግሞ በዚያ አገር ተራራ ሥር መዳብ እንዳለ፣ ዳቦ በተወደደ ማግስት ጦር መላኩም እንዲሁ የመጣ ነገር እንዳልሆነ ይናገራል። አባቴ አጎቴን "ክቡር ሚኒስትር" ይለዋል፤ አጎቴ አባቴን "ተቃዋሚው"። ሲከር "ግንድ!" ይባባላሉ። በአናጢ አፍ ከዚህ የከፋ ስድብ ያለ አይመስለኝም።

"ጎረቤት ሲቃጠል ዝም አይባልም!" አጎቴ ይስባል።

"የትኛው ጎረቤት? በመካከላችን ባሕር አለ!" አባቴ ይስባል።

"ዛሬ ዓለም ጠባብ ናት!"

"ለመዳቡ ነው የጠበበችው!"

"መዳብ ያለው ሰው ሲሰምጥ አይዋኙለትም?"

"መዳብ የሌለው ሲሰምጥ ማን ዋኘለት?"

"ሬዲዮ የተናገረው ነው!"

"ሬዲዮ ዳቦ ረክሷልም ብሏል!"

ተረት ሲመጣ ግን ችግር ነው። አንድ ተረት በአንድ ትንፋሽ አያልቅም።

"አህያውን ፈርቶ..." ይላል አባቴ ስቦ።

"የምን አህያ?" ይላል አጎቴ ስቦ።

"ዳውላውን ነው!"

"ስለ መንደር እያወራሁህ አህያ ታመጣለህ?"

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ..."

"አሁን ደግሞ ጅብ!"

"ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!"

አያቴ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እኔም እሷ ስትስቅ እስቃለሁ። አባቴ በተለይ የጅቡን ተረት ጨርሶ የተናገረበት ቀን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል።

አንድ ቀን ሰፈራችን ያለው አስተማሪ ያዘዘውን በር ሊወስድ መጣ። ሲለካ በሩ አንድ ስንዝር አጥሯል። አባቴ አጎቴን አየው፣ አጎቴ አባቴን አየው።

"መዳቡ ላይ ስንደርስ ነው መስመሩን የሳትነው" አለ አባቴ።

"መዳቡ ላይ አይደለም፣ ሬዲዮው ላይ ነው" አለ አጎቴ።

"ጎበዝ፣ እኔ በር ነው ያዘዝኩት፤ ፓርላማ ነው እንዴ የገባሁት?" አለ አስተማሪው።

"ከሥር ጥሩ አየር ያስገባል" አለ አጎቴ፣ በሩን እየደባበሰ።

"አየር ሲያምረኝ መስኮት አዝዛለሁ!"

ለእሱ ሌላ ሠሩለት። ያጠረው የእኛ ጓዳ በር ሆኖ ቀረ፤ ድመታችን ማንንም ሳታስቸግር በሥሩ ትገባና ትወጣ ነበር።

የሚገርመኝ ነገር አንድ ነበር። አያቴ የምትተኛው እነሱ ሲጮኹ ነው። ጭቅጭቁ በጦፈ ቁጥር ሽፋሽፍቷ እየከበደ ይመጣና እንቅልፍ ይወስዳታል። ውኃ ሊጠጡ ፋታ ሲወስዱ ግን ብድግ ብላ፣ "ምን ሆኑ?" ትላለች። እርጅና ነው አልኩ። ስለ እርጅና የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ የማይገባኝን ሁሉ ለእርጅና እሰጠው ነበርና።

አንድ ቀን እናቴ ልብስ ስትተኩስ አጠገቧ ተቀምጬ ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቅኋት።

ካውያውን ሳታቆም፣ "ለምን እንደተጀመረ ያልታወቀ ነገር መቼ እንደሚያልቅ በምን ይታወቃል?" አለችኝ።

ድክም ያላት ሴት የተናገረችው ቃል ነው፣ ለእኔ ግን ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ለካ መንግሥት የሚጠብቀው የእኛን እንጨት ቤት ነው! አባቴና አጎቴ ምክንያቱን ተከራክረው ሊደርሱበት የተሾሙ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ እየተጨቃጨቁ በር ሲያሳጥሩ ጣውላ ከባሕር ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ለእኔ ግድ አልነበረኝም። አንዱ ይረታ ብቻ! አባቴ እንደማይረታ ደግሞ አውቃለሁ። የጎበጠ ምስማር በእጁ ይዞ እንኳ "ቀጥ ያለ ነው" የሚል ሰው ነው። የቀረው አጎቴ ነው።

መላጊያ እየገፋ አገኘሁት። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ይወድቃል።

"ጋሼ።"

"ወይ የኔ እመቤት።"

"ጆሮህን ስጠኝ።"

ጎንበስ አለልኝ።

"ለአባዬ ተረታለት። አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ለምን ሲባል?"

"ከተስማማችሁ ጦርነቱ ያልቃል፣ ጣውላ ይመጣል።"

መላጊያውን ባንኮው ላይ አስቀመጠ። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀም። "ማነው እንዲህ ያለሽ?" አለኝ። ራሴ እንደደረስኩበት ነገርኩት። ፊቱን በሽርጡ ጠረገና፣ "እስቲ ላስብበት" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ጢሙ ላይ የነበረ ፍቅፋቂ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አስለቀሰኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ግንድ አጋድመው ያዙ። አባቴ ያን ቀን ቀንቶት ነበር። መዳቡን ከዳቦው፣ ዳቦውን ከሬዲዮው አያይዞ ይስባል፣ ይናገራል። አጎቴ በተራው ይስባል፣ ምንም አይናገርም።

"መልስ እንጂ!" አለው አባቴ።

አጎቴ ሳበ።

"ክቡር ሚኒስትር! ምላስዎ ታሠረ?"

"ትክክል ነህ" አለ አጎቴ።

"ምን?"

"ትክክል ነህ አልኩህ። ጎረቤትም የለ፣ ድረሱልንም የለ። ልጁን የላኩት ለመዳብ ነው።"

መጋዙ ግንዱ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ በፊት በዚያ ሰዓት ቤታችን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። የአባቴን ፊት አየሁት፣ የረታ ሰው ፊት አልነበረም።

"እማማ! ተረታ!" ልል አፌን ስከፍት አያቴ አንጓዬን ያዘችኝ።

"ማን መጣ?"

"ማንም።"

"በሩ ላይ ማን አለ? እዪ!"

"ማንም የለም እማማ።"

"ባርኔጣ ያደረገ ሰው አለ? ደህና አድርገሽ እዪ!"

"የለም አልኩሽ!" ጣቶቿ አጥንቴ ድረስ ገብተው አመመኝ፣ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ከዚያ በፊት ያልሰማሁትን ድምፅ አወጣች፤ ቃል አልነበረውም። ልጇ ስለተረታባት አዘነች አልኩ። እናቴ ካውያዋን ጥላ መጣች። አባቴም ሰጋቱራውን ሳያራግፍ ዘሎ ገባ።

"ምን ሆኑ እማማ? ምን ሆኑብን?"

"ለምንድነው ዝም ያላችሁ?" አለችው። "ለምን ዝም አላችሁ?"

አባቴ እሷን አያት። መስኮቷን አያት። ከዚያ ዞሮ ወጣ፣ ወዲያው ከእንጨት ቤቱ እንደዚያን ዕለት ጮኾ የማያውቅ ድምፁ ተሰማ።

"ቆይ እስቲ! ማነው ትክክል ነህ ያለኝ? ትክክል አይደለሁም! ጎረቤት ሲቃጠል ዝም አይባልም!"

አጎቴ አፉን ከፍቶ አየው።

"ያዝ መጋዙን! ግንድ! ሕዝቡ ድረሱልን ብሎ ነው!"

አጎቴ ያዘ፣ ሳበ። "የትኛው... የትኛው ጎረቤት? ባሕር አለ እኮ!"

"ዓለም ጠባብ ናት!"

"ለመዳቡ ነው የጠበበችው!"

የአያቴ እጅ ቀስ በቀስ ላላ። "እሰይ" አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። አንጓዬ ላይ የጣቶቿ ምልክት ቀርቶ ነበር። እኔ ግን እጄን ትቼ በአባቴ ነው የተቃጠልኩት። እጁ የገባለትን የጦርነቱን ማብቂያ አውጥቶ ጣለው! ራት ላይ ቢያጎርሰኝ አፌን ዘጋሁበት።

ይህን ነገር እናቴ ያስረዳችኝ እኔ ራሴ ልጅ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ ነው። "አያትሽ ክርክሩን መች አዳምጣው ታውቃለች?" አለችኝ። "ለምን እንደተዋጉ ቢሏት ለእሷ ምኗ ነው? ጩኸቱን ነበር የምትሰማው። ልጁ ከሞተ ማን ስለ መዳብ ይጨቃጨቃል? እነሱ ከተጨቃጨቁ ልጄ አለ ማለት ነው ብላ ነበር የምትተኛው።"

ዝም ያሉ ጊዜ ታዲያ የሰማችው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ያኔ መርዶ የሚያመጡት ባርኔጣ ያደረጉ የመንግሥት ሰዎች ነበሩ። አባቴም በዚያች ቅጽበት፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ ገብቶታል። ከዚያ ቀን በኋላ በእንጨት ቤቱ የነበረው የኤሌክትሪክ መጋዝ ሸራ ለበሰ። ድሮ መብራት ሲኖር ቀላል ቀላሉን ሥራ በእሱ ነበር የሚሠሩት፤ ሲጮኽ ሰው አያስደማምጥም። "ተቃጥሏል" አሉን። ብዙ ዓመት ቆይቶ እንጨት ቤቱ ሲዘጋ ሸራውን ገልጬ ሶኬቱን ብሰካው ጮኾ ተነሣ፣ እኔም ደንግጬ ዘለልኩ። ለእሷ ጆሮ ብለው ሁለት ጎልማሶች ትከሻቸው እስኪገነጠል በእጅ ሲስቡ ኖረዋል።

ስለ አባቴም የማውቀው አሁን ነው። ክርክሩን ሊረታ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ከልቡ መረታት ነበር የሚፈልገው። ጣውላን በልጅነቱ ያሳደገው እሱ ነው፤ ልጁ በከንቱ አልሄደም ብሎ የሚያሳምነው ሰው ፈልጎ የያዘውን ማስረጃ ሁሉ በየቀኑ አጎቴ ላይ ያመጣ ነበር፣ ሰብሮ ይጥልልኝ ብሎ። አጎቴም መስበር አቃተው።

ከዚያ ወዲህ ማን የማን ወገን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። በየቀኑ ይለዋወጣሉ። አስተማሪው ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ፣ "ዛሬ መንግሥት ማነው?" ይላል። "ዛሬ እኔ ነኝ" ይላል አባቴ፤ "እንግዲያውስ ዳቦ አርክስልን!" ብሎት ይሄዳል። አጎቴ የጅቡን ተረት ወርሶ በአባቴ ላይ ሲተርትበት አባቴ፣ "ተረቴን መልስ!" ብሎ ጮኸ፣ መጋዙንም ገፋው፣ ተረታ። ጣውላ በመካከሉ ደህና ነኝ ብሎ ላከ፤ ምግቡ ጨው እንደሌለው፣ እዚያም በሮቹ አጫጭር እንደሆኑ። አያቴ በሮቹን ስትሰማ ከሁሉ በላይ ደስ አላት። እኔ ብቻ ተስፋ ቆረጥኩ። በዚህ ዓይነት መቼም አይስማሙም።

ጦርነቱ ለምን እንደተደረገ የተጻፈውን በኋላ አግኝቼ አንብቤያለሁ። የተማሩ ሰዎች የጻፉት ነው፤ አባቴና አጎቴ ግንድ ላይ ቆመው ያልተናገሩት አላገኘሁበትም። መዳቡም አልመጣ፣ ጎረቤቶቹም አልዳኑ።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ሰዎች ከእንጨት ቤታችን ሲወጡ ደረስኩ። ጫማቸው ጭቃ አልነካውም። አንደኛው ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ሲያልፍ ራሴን ዳሰስ አድርጎኝ ሄደ። ትልቅ ዕቃ ያዘዙ ደንበኞች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ውስጥ እናቴ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጣለች። የሽርጧን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች። ጥርሷን አሟታል አልኩ። አባቴና አጎቴ ግንዱን በመካከላቸው አድርገው ቆመዋል።

አባቴ የመጋዙን አንድ እጀታ ያዘ። "ያዝ" አለ፣ በሹክሹክታ።

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ።

"ያዝ። ትሰማለች።"

አጎቴ ያዘ።

ሮጬ አያቴ አልጋ ላይ ወጣሁ። ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም።

"ማነው የሚስበው?" አለችኝ።

"አባዬ።"

"ጎረቤት ሲቃጠል... ዝም አይባልም" አለ አባቴ።

"እሱስ እውነት ነው" አለ አጎቴ። "ግን ባሕር አለ።"

"ባሕርማ አለ ወንድሜ።"

"አንተ የምትለውም እውነት አለው።"

"የለም፣ አንተ ነህ ደህና አድርገህ ያሰብክበት።"

"ሁለታችንም አስበንበታል ወንድሜ።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ወንድሜ! ግንድ የለ፣ ክቡር ሚኒስትር የለ፣ አህያና ጅብ የለ። መጋዙ አንዴም አልተንቋረረም፣ ማንም አልገፋም። እየተያዩ፣ በየተራ፣ ቀስ እያሉ ይስባሉ።

"እማማ! እየተስማሙ ነው!"

አያቴ ማን መጣ አላለችኝም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ብዙ አዳመጠች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ፣ እንደ ያኔው አይደለም፣ ቀስ ብላ።

"ወንድሜ አለው?"

"አዎ! ሁለቱም ተባባሉ!"

"አልተሰዳደቡም?"

"ምንም አልተሰዳደቡም።"

"አለቀ በይኛ" አለች።

"አለቀ!" አልኳት። ደስታዬን አብራኝ የተካፈለችው መስሎኝ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ጉንጯ እርጥብ ነበር። ትንሽ አቅፋኝ ቆየችና ለቀቀችኝ።

"ሂጂ፣ እማማ ሰምታለች በያቸው። ይተዉት አሁን። ደክሟቸዋል።"

እየበረርኩ ሄድኩ። የምሥራች የሚያደርስ ሰው ድምፅ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ እንዳወቅሁት ግን ጮኽኩ። "እማማ ሰምታለች! ይተዉት ብላለች! አለቀ!"

አባቴ እጀታውን ለቀቀው። አጎቴ ሊስብ ዘንበል ብሎ ስለነበረ ወደ ኋላው ሄደና መጋዙን እንደያዘ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ። አባቴ ጫማውን ሳይጠርግ፣ በአጠገቤ አልፎ፣ ወደ አያቴ ገባ።

እኔ ቆሜ የማይበት ጊዜ አልነበረኝም። ቧንቧው ሥር ፊቴን ታጠብኩ፣ ደህናውን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ወጥቼ ደጃፉ ላይ አውቶቡሱ በሚመጣበት አቅጣጫ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እናቴ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

"ጥርስሽን ተሻለሽ?" አልኳት።

"ተሻለኝ" አለችኝ።

ማንን እንደምጠብቅ አልጠየቀችኝም፣ ግቢም አላለችኝም። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፣ ሰዎች መውረድ ጀመሩ፣ እኔም ረጃጅሞቹን እየለየሁ አያለሁ። ጥቂት ቆይታ እሷም አብራኝ ማየት ጀመረች።